ነፃ ጽሕፈት ምንድን ነው?

ነፃ ጽሕፈት ማለት ለተወሰነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ደቂቃ፣ እጅን ሳያሳርፉ መጻፍ ነው። መሰረዝ የለም፤ ተመልሶ ማንበብ የለም። የሚጻፍ ሲጠፋ ሌላ ሐሳብ እስኪመጣ «ጠፋኝ፣ ጠፋኝ» እያሉ መቀጠል ነው። ዘዴው በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው መምህር ፒተር ኤልቦው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። መነሻቸው ግልጽ ነው፤ መጻፍና ማረም ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ማረሙ ያይላል፣ ሐሳቡም ሳይወጣ ይቀራል።

ደሴ ያለ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለ በልግ ተምሮ ወጣ እንበል። ቢጠይቁት «ገብቶኛል» ይላል። ሲጽፍ ግን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ «በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው ደጋው ላይ ገብስ ይዘራበታል አያቴ ዘንድ ዘንድሮ ዘግይቶ ጣለ ዘግይቶ ከተዘራ ዘግይቶ ይደርሳላ ታዲያ ያው ማሳ ለመኸር መቼ ይታረሳል እንጃ ቆይ ይሄንን አልተማርንም»። ነገሩ ያለው «እንጃ» እና «ቆይ» ያለበት ቦታ ላይ ነው። ያልገባው ነገር እንዳለ ራሱም የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው።

ብዙ ሰው ግን ጽፎ ደብተሩን ይዘጋል። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው፦ ያንብብ፣ ያልጠበቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ያስምርበት (ያማረውን አይደለም)፣ አዲስ ገጽ አናት ላይ ይገልብጠውና ከዚያ ተነሥቶ ሌላ 10 ደቂቃ ይጻፍ። ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ከመጨረሻው ዙር ለመምህሩ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ይወጣል።

የሚያበላሸው ምንድን ነው? «ሀ» ነው «ሐ»፣ «ሰ» ነው «ሠ» እያሉ ማሰብ እጅን ያቆማል፤ የመጣውን ፊደል መጻፍ ነው። ስልክ ላይ መጻፍም ለእርማት ስለሚጋብዝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሻላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የሚጻፈው በሚያስቡበት ቋንቋ ነው፤ የከሚሴ ልጅ በኦሮምኛ ቢጽፍ፣ ቢቀላቅልም ችግር የለውም።

ከሁሉ የከፋው ማርክ ነው። ተማሪው እንደሚታረም ካወቀ መምህሩ የሚወደውን ይጽፋል፣ ልምምዱም ተራ ድርሰት ይሆናል። መምህሩ ገጹን ሳይሆን ጥያቄውን ብቻ ይሰብስብ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ደግሞ «ቤታችን» የሚል ቀላል ርዕስ እንኳ ከባድ ነገር ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ርዕስ መቀየርም ሆነ ማቆም እንደሚቻል፣ ገጹንም ማንም እንደማያነብ ለተማሪዎች ይነገራቸው።