የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ማን ነው? ለጡት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ከመምረጥዎ በፊት

እዚህ ላይ «ፕላስቲክ» የሚለው ቃል የምናውቀውን ዕቃ አያመለክትም። ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም፣ በተለምዶ ፕላስቲክ ሰርጀን የምንለው፣ ሐኪም ሆኖ ከተመረቀ በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ቦታ ለ5 ወይም ለ6 ዓመት፣ ቆዳ፣ ጡንቻና ደም ሥር ሲቆረጡና ሲሰፉ እንዴት እንደሚድኑ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የተማረ ስፔሻሊስት ነው። የተቃጠለ ቆዳ ይተካል፣ የተሰነጠቀ ከንፈር ይጠግናል፣ በካንሰር ምክንያት የወጣ ጡት መልሶ ይሠራል። ጡት ማሳነስ፣ ማንሳትና በኢምፕላንት (ጡት ውስጥ በሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ከረጢት) ማስተለቅ የዚሁ ሙያ አንድ ክፍል ናቸው።

ግራ የሚያጋባው «የውበት ቀዶ ሐኪም» ወይም «ኮስሜቲክ ሰርጀን» የሚለው መጠሪያ ነው። በብዙ አገሮች ይህ ስም የስፔሻሊቲ ማዕረግ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሐኪም አጭር ኮርስ ወስዶ በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። አውስትራሊያ እንኳ «ሰርጀን» የሚለውን መጠሪያ በሕግ ለተወሰኑ ስፔሻሊስቶች ብቻ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስለዚህ «ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጠቅላላ ሐኪምም ፈቃድ አለው። ጥያቄው «ፈቃዱ በየትኛው ስፔሻሊቲ ነው?» መሆን አለበት። መልሱንም ከሐኪሙ ማስታወቂያ ሳይሆን የሙያ ፈቃድ ከሚሰጠው አካል መዝገብ ላይ በሙሉ ስሙ ፈልገው ያረጋግጡ። ግድግዳ ላይ የተደረደረ ሰርተፊኬት አያታልልዎ፤ የ2 ቀን ሥልጠና የተካፈለም ሰርተፊኬት ይሰጠዋል።

ቀጥለው ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በሆስፒታል እንዲሠራ ተፈቅዶለት እንደሆነ ይጠይቁ። ሆስፒታል አንድን ሐኪም ቀዶ ክፍሉ ከማስገባቱ በፊት ሥልጠናውን ይመረምራል። በራሱ ክሊኒክ ብቻ የሚሠራን ሐኪም ግን ከራሱ በቀር ሌላ የመዘነው ላይኖር ይችላል።

ስለ ጡት ያለን አመለካከትም ሳይታወቀን ምርጫው ውስጥ ይገባል። ጡት የልጅ ምግብ ነው፤ በዚያው ልክ የሴትነት መለኪያ ተደርጎ በሌሎች ዓይን ይመዘናል። ሚዛኑ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ፋሽኑ ጠፍጣፋ ደረት ስለነበር ሴቶች ጡታቸውን አጥብቀው ያስሩ ነበር። በ1950ዎቹ ፋሽኑ ተገልብጦ ትልቅና ሹል ጡት ተፈላጊ ሆነ። በ1962 ሂውስተን ውስጥ የመጀመሪያው የሲሊኮን ኢምፕላንት በሴት ላይ ተሠራ። በ1982 ደግሞ የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ ትንሽ ጡትን እንደ በሽታ ቆጠረ። ጤነኛ አካል ታሞ የተገኘው በባለሙያዎች ብዕር ነው ማለት ነው። ይህ አነጋገር ዛሬም በምርመራ ክፍል ይሰማል፦ «ከወለድሽ ወዲህ ወድቋል፣ እሱንም አብረን እናስተካክለው።» ለአንድ ጉዳይ ሲሄዱ ያልጠየቁትን ጉድለት የሚጨምርልዎትን ሐኪም ይተዉት። በተቃራኒው፣ በጡቷ ክብደት አንገቷንና ትከሻዋን የሚያማት፣ የጡት መያዣ ማንገቻ ትከሻዋን የሰረጎደው፣ ጡቷ ሥር ቆዳዋ የሚቆስል ሴት «ሌላው ያጣውን ታማርሪያለሽ» ተብላ ትመለሳለች። የእሷ ቅሬታ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ጡት ማሳነስም ያቃልለዋል።

ጥሩ ምርመራ ሜትር ያለበት ነው። ሐኪሙ ታካሚዋን አቁሞ ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ እስከ ጡት ጫፍ፣ ከጡት ጫፍ እስከ ጡት ሥር እጥፋት፣ ከዚያም የጡቱን መሠረት ወርድ ይለካል። ሁለቱን ጎን ለየብቻ ይለካል፣ ምክንያቱም ፍጹም እኩል ጡት ብርቅ ነው፤ ልዩነቱንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊያሳያት ይገባል። ለኢምፕላንት ከሆነ ከጡቱ በላይ ያለውን ቆዳና ስብ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ውፍረቱን ያያል። ከ2 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ኢምፕላንቱን ከጡንቻ ሥር ማስገባት ይመረጣል፤ ያለዚያ ጠርዙ በቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከጡቱ መሠረት የሰፋ ኢምፕላንት ደግሞ ወይ ወደ ብብት ይንሸራተታል፣ ወይ ሁለቱ መሐል ደረት ላይ ይገናኛሉ። ሜትር ሳያነሳ «የ350 ሚሊ ሊትር ኢምፕላንት ያምርብሻል» የሚል ሐኪም ገና ከመጀመሩ ተሳስቷል።

የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ፎቶ ሲያዩ ብርሃኑና አቅጣጫው አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ጠባሳው መታየቱን ልብ ይበሉ። በ1 ወር የተነሳ ፎቶ ብዙ አይናገርም፤ እብጠቱ ገና ነው፣ ጠባሳም እስኪደበዝዝ 1 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ያላማረ ውጤት ያሳዩኝ ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም። ሁሉም ቀዶ ሐኪም አለው።

ስለ ጉዳቱ ሳይጠየቅ የሚናገር ሐኪም ይመረጣል። ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ አይቆይም። ሰውነት በዙሪያው የሚሠራው ሽፋን አንዳንዴ ይኮማተርና ጡቱን ያጠነክረዋል፣ ያሳምማልም፤ ያኔ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። በጡት ጫፍ ዙሪያ የሚደረግ ቅድ የወተት ቱቦዎችንና ነርቭን ሊነካ ስለሚችል ማጥባት ለምታስብ ሴት ይህ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። ለምታጨስ ሴት ደግሞ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት እንድታቆም ካልነገራት ትልቅ ነገር ዘሏል፤ ኒኮቲን ደም ሥርን ስለሚያጠብ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ቆዳም ሊሞት ይችላል።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ማን እንደሆነም ይጠይቁ፤ ራሱ ቀዶ ሐኪሙ ሳይሆን የማደንዘዣ ባለሙያ መሆን አለበት። በመጨረሻ ይህን ይጠይቁ፦ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዱ ጡቴ ቢያብጥ ስልኩን ማን ያነሳል? የት ነው የምሄደው?» በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አንድ ጎን ብቻ በፍጥነት አብጦ ከጠነከረና ካመመ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ወደ ቀዶ ክፍል ተመልሶ ደሙ መውጣት አለበት። ሐኪሙ የሰው ስም፣ ስልክና ሆስፒታል ጠቅሶ ካልመለሰልዎ ቀን አይቁረጡ።