ፖሊስተር ለምን ቀለም አይዝም? ስለ ናኖ ሸክላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምና አክስቴ ሐዘን ገጥሟት ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ከል ልትነክር ከቅዳሜ ገበያ ጥቁር ቀለም ገዛች። ድስት ጥዳ እያማሰለች ቀቀለችው። ስናወጣው ጥጡ ጠቁሯል፤ የተሰፋበት ክር ግን ነጭ እንደሆነ በየስፌቱ ቁልጭ ብሎ ቀርቷል። ጨርቃ ጨርቅ ስለተማርኩ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀኝ ጀመር። ናኖ ሸክላ የሚባል እጅግ ደቃቅ ሸክላ የተጨመረበት ፖሊስተር ቀለም ይይዛል ሲባል የሰማም ነበር። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች ላርም።

«ሻጩ የተበላሸ ቀለም ሰጣት።» ሻጩ አልበደለም፤ ክሩ ፖሊስተር የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። የጥጥ ቀለም ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ከውሃው ጋር ጥጡ ውስጥ ይገባል። ፖሊስተር ውሃ አያስጠጋም። የሚቀበለው ዲስፐርስ የሚባለውን፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም የማይሟሟ ቀለም ነው፤ እሱንም ቢሆን ክሩ በሙቀት ሲላላ ብቻ። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች በተዘጋ ጋን፣ በግፊት፣ እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያደርሱት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እኛ ቤት ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አክስቴ እስከ ማታ ብታነድም ድስቷ ከዚያ አያልፍም። ጨው ማብዛትም ይህን አይለውጥም።

«ናኖ ሸክላ የቀለም ዓይነት ነው።» አይደለም፤ ራሱ አያቀልምም፤ ፖሊስተሩ ቀለም እንዲቀበል ለማገዝ የሚጨመር ሸክላ ነው።

«እንግዲያው የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች አፈር ይበቃል።» ይህን የጠየቀችኝ ልጅ ግማሽ መንገድ ሄዳለች። የሚፈለገው ሞንትሞሪሎናይት የሚባል፣ ተጣርቶ የወጣ ሸክላ ነው። ክረምት አብጦ እግር የሚይዘው፣ በጋ ተሰነጣጥቆ የሚከፈተው የደምቢያ ዋልካም የዚሁ ቤተሰብ ሸክላ አለበት። የሚያብጠው ውሃ በስስ ቅጠሎቹ መካከል ስለሚገባ ነው። የአንዱ ቅጠል ውፍረት 1 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት አንድ ሚሊዮን መደራረብ ይጠይቃል። ባለሙያዎች በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ሶዲየም አውጥተው ከፖሊስተር ጋር የሚስማማ ኦርጋኒክ ጨው ይተኩበታል።

«ሸክላውን ድስቱ ውስጥ ጣል ማድረግ ነው።» እንዲያውም ቀለሙን ራሱ ይጠጣዋል! ከማቅለሚያ ቤት የሚወጣ ቆሻሻ ውሃን ለማጣራት የሚሞከረውም በዚህ ጠባዩ ነው። ሸክላው በዋናነት የሚገባው ክሩ ከመፈተሉ በፊት፣ ፖሊስተሩ ከ250 ዲግሪ በላይ ቀልጦ ሳለ ነው። ቅጠሎቹ በደንብ ከተበተኑ ፖሊስተሩ የተሠራባቸውን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ጥብቅ አደራደር ያውካሉ፤ ቀለም የሚገባው ሰንሰለቶቹ ጠብቀው ባልተደረደሩበት ቦታ ስለሆነ መግቢያ ያገኛል።

«ከገባ ውጤቱ የታወቀ ነው።» እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ሸክላው አንዳንዴ በተቃራኒው ሰንሰለቶቹ ይበልጥ እንዲደረደሩ መነሻ ይሆናል። የተተካው ኦርጋኒክ ጨው ደግሞ ከ200 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መበስበስ ስለሚጀምር ፖሊስተሩን ቢጫ ሊያደርገውና ሊያዳክመው ይችላል። በብዛት የሚሞከረው ከክብደቱ ጥቂት በመቶ ነው፤ ሲበዛ ይጓጉላል፣ ክሩም ሲፈተል ይበጠሳል።

ስለዚህ ከል የምትነክሩ እናቶች፣ ድስቱን ከመጣዳችሁ በፊት ከስፌቱ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ ዐመድ ይሆናል። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደረቀ ፖሊስተር ነው፤ ስፌቱን አስፈትታችሁ በጥጥ ክር አሰፉት።