ስለ ዘመኑ ግጥም የሚባሉ፣ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮች

«የዛሬ ግጥም አይገባኝም» የሚል ሰው በየቦታው አለ። «የዛሬ ግጥም ግጥም አይደለም» የሚልም አይታጣም። ሁለቱም ግጥም ጠልተው አይደለም። ሠርግ ላይ ከዘፋኙ እኩል ያጨበጭባሉ፣ ለቅሶ ቤት የአልቃሿ ስንኝ አንጀታቸውን ይበላዋል። ከዘመኑ ግጥም ያራቃቸው ስለ እሱ የያዙት ሐሳብ ነው። ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ሞትና ስለ ደስታ የሚጻፉትን እያሰብኩ እነዚህን ሐሳቦች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ሰምና ወርቅ ከሌለው ግጥም አይባልም»

ትልቁ ይሄ ነው። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር የግእዝ ቅኔ በሁለት ቤት ብቻ ስንት ነገር የሚቋጥርበት አገር ልጆች ነን። ትምህርት ቤትም «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» እየተባልን አደግን። ስለዚህ ግጥም ባየን ቁጥር የተቀበረ ነገር ፍለጋ እንገባለን። ካጣን ወይ እኛ አልገባንም፣ ወይ ገጣሚው አልቻለም እንላለን።

ብዙ የዘመኑ ግጥም ግን ምንም አልቀበረም። ለማሳያ እነዚህን ሁለት ስንኞች ቋጥሬያለሁ፦

አልጠፋም ከስልኬ፣ ስሙም ቁጥሩም አለ፤
ሄሎ የሚለኝ ግን፣ እሱ ብቻ የለ።

እዚህ ውስጥ ወርቅ የሚባል ነገር የለም። «ሞት» የሚል ቃል የለም፣ እንባም የለም። የሟቹ ደግነትም ሆነ ቁመናው አልተነሳም። የሞተ ጓደኛውን ቁጥር ማጥፋት ያቃተው ሰው ግን ስለ ምን እንደተባለ ወዲያው ያውቃል። «ሄሎ» ላይ ድምፁ ይመጣበታል። እንዲህ ያለ ግጥም ስታነቡ ትርጉም መፈለጉን ተዉትና የቱ ቃል ላይ እንደቆማችሁ እዩ። እዚያች ቃል ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ ድገሙት። ማድነቅ የሚባለው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«ቤት ካልመታ ወሬ ነው»

ከላይ የቋጠርኳቸው ሁለት ስንኞች የወል ቤት በሚባለው ምት የተሠሩ ናቸው። የእያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ግማሾች ስድስት ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል የድምፅ ክፍል) ናቸው፣ በጣታችሁ ቁጠሩት። ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ምት ስለሆነ ደስ ይለናል። ያንኑ ነገር ቤት ሳይመታ እንየው፦

ስልኬን ከፈትኩ።
ስምህን ፈለግሁ።
አለ።
መልሼ ዘጋሁት።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «አለ» ብቻዋን ስለቆመች እዚያ ላይ ትንፋሽ ይቆረጣል። የመጀመሪያው ግጥም በቤት መምታት የሠራውን ይሄኛው በዝምታ ሠራው።

በእርግጥ ተራ ጽሑፍ ቆራርጦ ቁልቁል መደርደርም አለ። እሱን ግጥም ማለት ለኔም ይከብደኛል። መለያው ቀላል ነው፦ መስመሮቹን ገጣጥማችሁ እንደ አንድ አንቀጽ አንብቡት። ምንም ካልጎደለበት ድሮም ግጥም አልነበረም።

«ይሄ የፌስቡክ ልጆች ያመጡት ፈሊጥ ነው» የሚሉም አሉ። ገጣሚው ሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መጽሐፉን ያሳተመው በ1963 ዓ.ም. ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዚያው ዘመን ከተለመደው ምት ወጣ ያሉ ግጥሞች ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

«‹እኔ› ካለ ስለ ራሱ ነው»

አይደለም። አልቃሽን አስቡ። ሟቹን በአካል ላታውቀው ትችላለች። ቤተሰቡ ትንሽ ይነግራታል፣ እሷ በእናቱ አንደበት፣ በሚስቱ አንደበት ታወጣዋለች። «አንቺ እናቱ ነሽ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ዛሬ አንዲት ገጣሚ «ወንድሜን ቀበርኩ» ብላ ስትጽፍ ግን «ነፍስ ይማር» እያልን እንሻማለን። ግጥሙን ሳናነበው።

«የወዳጅነት ግጥም ጓደኛን ማወደስ ነው»

ለልደት የሚላከው አዎ፣ ማወደስ ነው። ጥሩዎቹ ግን ቅያሜም አለባቸው። አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው በሰባትና በስምንት ሰዓት ልዩነት የድምፅ መልእክት የሚላላኩ ጓደኛሞች አሉ። ያኛው ሲነቃ ይሄኛው ሥራ ላይ ነው። መልሱ መጀመሪያ በማግስቱ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ ይመጣል። ማንም አልበደለም፣ ግን ወዳጅነቱ ሳሳ። እንዲህ ያለውን የሚናገር ግጥም ከመቶ ውዳሴ ይበልጥብኛል፣ እውነቱን ይዟልና።

«ደስታ ለግጥም አይሆንም»

ሐዘን የበሰለ ሰው ምልክት፣ ደስታ ደግሞ የልጅ ነገር ይመስለናል። ትዝታ ስንሰማ አንገታችንን እንደፋለን፣ የሚያስቅ ግጥም ሲነበብ ግን አጨብጭበን እንረሳዋለን። ይሄ አድልዎ ነው። ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች አውጪያቸው በር ላይ ቆሞ ለባለቤቱ ስንኝ ይፈጥርለታል፤ ይሄ ንጹሕ የደስታ ግጥም ነው፣ ችሎታም ይጠይቃል።

እንዲያውም ደስታን መጻፍ የሚከብድ ይመስለኛል። ሐዘን ምንም ሳይባል ይጋባል። ደስታ ግን ዝርዝር ይፈልጋል። «ደስ አለኝ» ብትሉኝ አይሰማኝም። ፊደል የለየ ልጅ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሱቅ ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ እናቱም እፍረቷንና ኩራቷን አንድ ላይ ስትውጥ ብታሳዩኝ ግን አብሬያት እስቃለሁ።

«ሐዘን ላይ ላለ ሰው የሐዘን ግጥም መላክ ቁስል መነካካት ነው»

ባህላችን እንዲህ አስቦ አያውቅም። ሙሾ የሚወጣው እንባው እንዲወጣ ነው። እንዲህ የሚሉት ልክ የሚሆኑት ጊዜው ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አትላኩ፤ ቤቱ ሰው ሞልቶታል፣ ስልኩም ፋታ የለውም። ድንኳኑ ፈርሶ፣ አርባው ወጥቶ፣ ጠያቂ ሲሳሳ ላኩ። አጭር ይሁን። «አይዞህ፣ ጊዜ ሁሉን ይሽራል» የሚል ምክር ያለበት አይሁን። የሟቹን ስም የምታውቁ ከሆነ ከግጥሙ በላይ ስሙን ጻፉት፣ ከሥር ማብራሪያ አትጨምሩ፣ መልስም አትጠብቁ።