«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፦ ትርጉሙና መነሻው

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንደ ሌላው አማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ በጎንደርና በዙሪያዋም ችግሩን በሆዱ ይዞ ለሚብሰለሰል ሰው የሚነገር ምክር ነው። ዕዳ የበዛበት ነጋዴ፣ ትዳሩ የሻከረበት ባል፣ ሕመሟን ከቤተሰቧ የሸሸገች ወጣት፣ ከሽማግሌም ሆነ ከጎረቤት አፍ ይህን ቃል ይሰማሉ። ላይ ላዩን ሲታይ መልእክቱ ቀላል ነው፤ የት እንደሚያመው ያልተናገረን ታማሚ ሐኪም ሊረዳው አይችልም። ነገር ግን አነጋገሩን ለሌላ ሰው ስለመናገር ብቻ አድርጎ መውሰድ ግማሹን ትርጉም መተው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሰው በሽታውን አስቀድሞ የሚደብቀው ከራሱ ነው፣ ለራሱ ያላመነውንም ለሐኪም ሊናገር አይችልም።

እንደ አብዛኞቹ ምሳሌዎቻችን ይህም ደራሲ የለውም። የተወለደበትን ዓለም መለየት ግን አያስቸግርም፤ የሥጋ ሕመምና የነፍስ ሕመም በአንድ ደጅ የሚታከሙበት የጠበልና የንስሐ ዓለም ነው። ለጠበል የመጣ ሰው ከመጠመቁ በፊት ንስሐ እንዲገባ ይመከራል። በኑዛዜ ጊዜም ተነሳሒው የራሱን በደል እንጂ የባልንጀራውን እንዲናገር አይጠበቅበትም፤ «እሱ አናዶኝ ነው» እያለ የሌላውን ጥፋት መቁጠር ከጀመረ የንስሐ አባቱ ወደ ራሱ ይመልሱታል። ከኑዛዜው በኋላም ቀኖና አለ፤ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት፣ የወሰዱትንም መመለስ። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 28 ቁጥር 13 ላይ ያለው «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም፤ የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል» የሚለው ቃል ከዚህ አነጋገር ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፤ መናዘዝ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መተውም እንደሚከተለው ግን መጽሐፉ ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል።

ከራስ መደበቅ ምን እንደሚመስል የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ ያህል የሚያሳይ የለም። ነቢዩ ናታን የድሃውን አንዲት በግ ስለቀማ ባለጠጋ ሲነግረው ዳዊት በቁጣ ነድዶ «ይህን ያደረገ ሰው የሞት ልጅ ነው» ብሎ ፈረደ፤ የኦርዮን ሚስት የወሰደው እርሱ ራሱ እንደሆነ ግን በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም። «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪባል ድረስ ፍርዱ ለሌላ ነበር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የምንለው ይህንኑ ነው። ዳዊት ሰበብ ሳይፈልግ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» በማለቱ፣ በእኛ አቆጣጠር 50ኛው የሆነው መዝሙር ዛሬም በየቤተ ክርስቲያኑ የንስሐ ጸሎት ሆኖ ይደገማል።

ለጎንደር ሰው ግን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለ። ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርጉት አገሩ በዐመፅ ታመሰ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ድሉ የንጉሡ ቢሆንም በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ በሜዳው ላይ የወደቁትም የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። ንጉሡ ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀድሞው እምነቱ እንዲመለስ ዐውጀው ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ንጉሡ ምላሳቸው ተጎልጉሎ መናገር ተስኗቸው ነበር፤ የዳኑትም «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ብለው ከወሰኑ በኋላ ነው ይባላል። የምላሱን ነገር አንባቢ እንደ እምነቱ ይውሰደው። እኔን የሚገርመኝ አዋጁ ነው፤ ድል ያደረገ ንጉሥ ጥፋቱን በአማፂዎቹ ላይ መጫን ሲችል፣ የደሙ ምክንያት የራሱ ፖሊሲ መሆኑን በሥራ አምኖ ከዙፋኑ ወረደ። ሱስንዮስ በዚያው ዓመት ዐርፈው አዘዞ በሚገኘው ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ፤ ፋሲለደስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደርን ቆረቆሩ። እርግጥ አገሩ በአንድ አዋጅ አልዳነም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር በጎንደር ዘመን ሁሉ ቀጥሏል፤ የተደበቀው በሽታ ሲገለጥ ሕክምናው ይጀመራል እንጂ ወዲያው አያልቅም።

በዕለት ተዕለት ኑሮ መደበቂያው ብዙ ጊዜ ሰበብ ነው። በአረቄ ቤቱን የፈታ ሰው «ጓደኛ ነው ያበላሸኝ» ይላል፤ ከጓደኛው ተለይቶም መጠጣቱን አይተውም። ከዚህ የከፋውና በአካባቢያችን ረጅም ዕድሜ ያለው ሰበብ ደግሞ ሕመምን ሁሉ በሰው ዓይን ማሳበብ ነው፤ «ቡዳ በላኝ» እየተባለ ለዘመናት ሲወነጀሉ የኖሩት ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። የአንዱ ያልተመረመረ ሕመም በዚህ መንገድ የሌላው ቁስል ሆነ።

አነጋገሩ ግን ያለቦታው ሲነገር ይጎዳል። ጦርነት ያፈናቀለውን ወይም በሰው እጅ የተደፈረችውን «አንቺም ጥፋትሽን ፈልጊ» ማለት የምሳሌው ትርጉም አይደለም፤ ጉዳትን መናገር ሌላ፣ በደልን ማመን ሌላ ነው። የአገራችን የሽምግልና ሥርዓት ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ደም ለማድረቅ በሚደረገው ዕርቅ ድንጋይ ተሸክሞ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» የሚለውና ካሳ የሚከፍለው በዳዩ ሲሆን፣ የተበዳይ ወገን የሚጠየቀው የደረሰበትን እንዲናገርና ልቡ ሲፈቅድ ዕርቁን እንዲቀበል ነው።