አክሽን ፖቴንሻል ምንድን ነው?

ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ ሰው ማደንዘዣ ተወግቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የሐኪሙ እጅ ሲገፋና ሲጎትት ይታወቀዋል፤ ሕመሙ ግን የለም። ነርቩ አልተቆረጠም፣ አልተጎዳምም። ሊዶኬይን የሚባለው መድኃኒት በነርቩ ሽፋን ላይ ያሉትን ሶዲየም የሚያስገቡ ጥቃቅን በሮች ለጊዜው ዘግቷቸው ነው። በሮቹ ካልተከፈቱ ወደ አንጎል የሚሄድ መልእክት አይኖርም። ያ መልእክት አክሽን ፖቴንሻል ይባላል።

ነርቭ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ነርቭ በሽቦነቱ ቢመዘን የማይረባ ሽቦ ነው፤ በየቦታው ያፈስሳል፣ የላኩበት ምልክትም በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ደክሞ ይጠፋል። ታዲያ ከእግር ጣት እስከ ወገብ እንዴት ይደርሳል? ምልክቱ በመንገዱ ሁሉ እንደ አዲስ ስለሚሠራ ነው።

ነርቩ ባረፈበት ጊዜ እንኳ ሥራ አይፈታም። በሽፋኑ ላይ ያለው ፓምፕ ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ከሚሸከሙ ቅንጣቶች በየዙሩ ሦስት ሶዲየም እያስወጣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ከገባው ፖታሲየም ጥቂቱ ክፍት ሆነው በሚቆዩ ቀዳዳዎች መልሶ ስለሚሾልክ፣ የሕዋሱ ውስጥ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ወደ 70 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ይሆናል። ይህ የአንዲት የባትሪ ድንጋይ ጉልበት ሃያኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ የሆነው አንጎል ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት ያ ፓምፕ ነው።

አንድ ነገር ሕዋሱን ነክቶ ቮልቴጁን ወደ ኔጌቲቭ 55 አካባቢ ካደረሰው የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ። ሶዲየም ግልብጥ ብሎ ይገባል፤ ውስጡ ፖዘቲቭ ይሆናል። በሮቹ ወዲያው ራሳቸውን ይዘጋሉ፣ ፖታሲየም በራሱ በር ይወጣል፣ ሕዋሱም ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት የተፈጠረው ለውጥ ጎን ያሉትን በሮች ያስከፍታል፣ እነሱም ቀጣዮቹን። ከሽቦ ይልቅ በደረቅ ሣር ላይ የሚሄድ ሰደድ እሳት ይመስላል፤ የተቃጠለው ሣር ለጊዜው ዳግም ስለማይነድ ወደ ኋላ አይመለስም።

ከባድ ሕመም ትልቅ ምልክት የሚልክ ይመስለን ይሆናል። አይልክም። የአንድ ነርቭ ምልክት መጠኑ ምንጊዜም ያው ነው፤ የሚለወጠው ድግግሞሹ ነው፣ የቸኮለ እንግዳ በር ቶሎ ቶሎ እንደሚያንኳኳው። ፍጥነቱ ግን ከነርቭ ነርቭ ይለያያል። ማይሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን የተጠቀለሉት ወፋፍራም ነርቮች ምልክቱን እያዘለሉ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሱታል፤ የሚያቃጥለውን ሕመም የሚያመጡት ቀጫጭኖቹ ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። በጨለማ የአልጋ እግር የመታው ሰው ምቱ ወዲያው ታውቆት ማቃጠሉ ዘግይቶ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ከነርቩ ጫፍ ላይ ምልክቱ ሲደርስ ካልሲየም ይገባና ኬሚካል ያስለቅቃል፤ ያ ኬሚካል ጠባቡን ክፍተት ተሻግሮ ቀጣዩን ሕዋስ ያነቃዋል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በአብዛኛው ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ምክንያት ነው። አንደኛው ነርቩ እስከ አንድ ሚሊሜትር ስለሚወፍር ውስጡ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ማስገባት ይቻላል። እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሪው ሃክስሊ በ1939 እ.ኤ.አ. በፕሊመዝ ይህን አደረጉ፤ ጦርነቱ አቋረጣቸውና ውጤቱን በቀመር አሟልተው ያወጡት በ1952 ነበር። የካምብሪጅ ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ አገልግሎት አይሰጥም ነበርና ሃክስሊ ቀመሩን በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን ፈታው። ስሌቱ የምልክቱ ፍጥነት በሰከንድ 18.8 ሜትር ነው ሲል በእውነተኛው ነርቭ ላይ የተለካው 21.2 ሜትር ሆነ። በእጅ ለተዞረ ማሽን እጅግ የሚያስደንቅ ቅርበት ነው።

ሁለቱ በ1963 ከአውስትራሊያዊው የነርቭ ተመራማሪ ጆን ኤክልስ ጋር ኖቤል ሲሸለሙ የበሮቹን መኖር ከቮልቴጅ መለኪያ ተነስተው ገመቱት እንጂ አንዷን በር ለብቻዋ የለካ ሰው አልነበረም። በአንዲት በር የሚያልፈውን ፍሰት ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገቡት ጀርመናውያኑ ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን ናቸው፤ ዓመቱም 1976 ነበር።