ራኪንግ ምንድን ነው? ቦርሳ አዝሎ መራመድ እና ጽናት

ራኪንግ ማለት በጀርባ ቦርሳ ውስጥ ተመዝኖ የገባ ክብደት አዝሎ ለስፖርት መራመድ ነው። ሩጫም ዝላይም የለበትም፣ የጂም ክፍያም አይጠይቅም። ቃሉ የመጣው «ሩክሳክ» ከሚለው ጀርመንኛ ሲሆን ትርጉሙ የጀርባ ከረጢት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወታደሮች አሳጥረው «ራክ» አሉት፤ በኋላ ከጦር ሰፈር ወጥቶ የሲቪሉ ስፖርት መጠሪያ ሆነ።

በአማርኛ «ሸክም» ብለን ብንጠራው ግን ነገሩን እናሳስተዋለን። ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ እናቶች ብዙ ጊዜ ጀርባቸው ላይ ከ30 ኪሎ በላይ አለ። መጠኑን የመረጠላቸው ችግር ነው። ሲያማቸው ማውረድ፣ ሲደክማቸው ለነገ ማለት አይችሉም፤ ወገባቸውና ጉልበታቸው የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ራኪንግን ስፖርት የሚያሰኘው መጠኑን ራስ መወሰን፣ በመሃል ቀናት ማረፍና በፈለጉ ጊዜ ማውረድ መቻል ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጎደሉ ቦርሳው ምንም ያህል ውድ ቢሆን የቀረው ሸክም ብቻ ነው።

ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነው የሚታዘለው? የወታደር ቤት መለኪያዎችን ማየት ይረዳል። በአሜሪካ ጦር የእግረኛ ወታደርነት ብቃት ባጅ የሚፈልግ ሰው ወደ 16 ኪሎ አዝሎ 19 ኪሎ ሜትር ያህል በ3 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። የኖርዌይ ጦር የእግር ጉዞ ፈተና 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን ክብደቱ 11 ኪሎ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. በተጀመረውና በሆላንድ ናይሜኸን ከተማ በሚካሄደው የአራት ቀን ጉዞ የሚሳተፉ ወታደሮች በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄዱት ቢያንስ 10 ኪሎ ይዘው ነው። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ለዓመታት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፣ ቁጥሩም ከ10 እስከ 16 ኪሎ ነው። በአጭር ቪዲዮ አይቶ በመጀመሪያው ቀን 20 ኪሎ የሚያዝል ጀማሪ በሁለተኛው ሳምንት ስፖርቱን ቢተወው አይገርምም።

ስለ ካሎሪም የተጋነነ ወሬ አለ። ቦርሳ ማዘል የሚቃጠለውን ካሎሪ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል ሲባል ይሰማል። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጦር ሠራዊት ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት የፓንዶልፍ ቀመር እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሜዳ አስፋልት ላይ በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲራመድ ባዶ ጀርባውን በሰዓት ወደ 250 ካሎሪ ያወጣል። 10 ኪሎ ሲያዝል 280፣ 20 ኪሎ ሲያዝል 310 ገደማ ይሆናል። እዚያው 10 ኪሎ ላይ በየመቶ ሜትሩ 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ሲጨመር ግን 440 ይደርሳል። ስለዚህ ልምምዱ እንዲከብድ የሚፈልግ ሰው ኪሎ ከመጨመሩ በፊት ዳገት ይፈልግ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን መንገድ 5 ኪሎ አዝሎ የሄደ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣ ሰው የለመደውን ክብደት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በግማሽ ይቀንስ።

አሁን ወደ ጽናቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ወደ ራኪንግ የሚሳበው በዚህ ነውና። አምስት ወይም ስምንት ኪሎ ጀርባ ላይ ሲሆን ሕመም የለም፣ ምቾትም የለም። ትከሻ ላይ የሚሰማው ጫና ለ40 ደቂቃ ሳይጨምር ሳይቀንስ አብሮ ይጓዛል። ሯጭ ሲደክመው ሳያውቀው ፍጥነቱን ይቀንስና ይቀለዋል፤ ቦርሳ ያዘለ ሰው ግን ቀስ ቢልም ክብደቱ ያው ነው። በመሃል «ላውርደው» የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። የልምምዱ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ መጣ ማለት መታዘዝ ግዴታ እንዳልሆነ፣ የማይመች ነገርና የሚጎዳ ነገርም የተለያዩ እንደሆኑ ሰውነት በተግባር ይማራል። ይህን ለመማር ቀላል ክብደት ከከባዱ ይሻላል፤ ከባዱ ሐሳብን ከማሠልጠን አልፎ መገጣጠሚያን ይጎዳል።

ተነሳሽነትን በተመለከተ ግልጹን እንናገር፤ በየማለዳው ፍላጎት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው አይዘልቅም። የሚያዘልቀው አስቀድሞ የተደረገ ዝግጅት ነው። ቦርሳው ክብደቱ ውስጡ እንዳለ በር አጠገብ ይቀመጥ። በየጊዜው እየፈቱ መሙላት አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ነገር ግን ለማመካኛ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱን «ጊዜ ሳገኝ» ከሚል ይልቅ ቀድሞም ከሚደረግ ነገር ጋር ማሰር ይበጃል፦ «ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዳደረስኩ አዝዬ በእግሬ እመለሳለሁ» ብሎ መወሰን። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የሚያዝ ዕቅድ በደፈናው ከሚታሰብ ምኞት ይልቅ ወደ ተግባር እንደሚያደርስ ያሳየው ይህን ዓይነቱን ነው።

ሁለተኛው ነገር ትዕግሥት ነው። የለንደን ተመራማሪዎች አዲስ ልማድ እየያዙ ያሉ ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነበር፤ እንደ ሰዉና እንደ ልማዱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ከዚሁ ጥናት ይበልጥ የሚያጽናናው፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰው መታየቱ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ከቀረ ዓርብ ላይ የተለመደውን ያህል ብቻ ይሂዱ። «የቀረሁበትን ላካክስ» ብሎ እጥፍ ማዘል የብዙ ጉዳት መነሻ ነው፤ ክብደት የጥፋት ቅጣት መሆን የለበትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ካለፈ ደግሞ ከነበረው ሁለት ሦስተኛ ላይ ይቀጥሉ።

ለከፋው ቀን ትንሹ መጠን አስቀድሞ ይወሰን፤ ለምሳሌ ቦርሳውን በግማሽ አቅልሎ 10 ደቂቃ። ከ10 ደቂቃው በኋላ መመለስ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በፊት አይፈቀድም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው አንዴ ከወጣ ይቀጥላል። መንገዱም ቢሆን ሄዶ የሚመለሱበት ይሁን፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ የሄደ ሰው ሁለቱን መልሶ መጓዙ አይቀርም፣ በኳስ ሜዳ ዙሪያ የሚዞር ሰው ግን በየዙሩ ማቋረጫ በር ያገኛል። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ደቂቃውንና ድካሙን ከአስር ስንት እንደሆነ መጻፍም ዋጋ አለው። በስድስተኛው ሳምንት ያው መንገድ፣ ያው ክብደት ከሰባት ወደ አራት ወርዶ ሲያዩት የሚሰማዎትን ብርታት ሌላ ሰው ሊሰጥዎት አይችልም።

ቦርሳው ውድ መሆን የለበትም፣ ስፌቱ ግን ይታይ። ማንገቻው ከቦርሳው አናት ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ በአንድ መስመር ብቻ የተሰፋ የተማሪ ቦርሳ ክብደቱ ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ላይ ነው፤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ በወፍራም ክር ማስደገም ይበቃዋል። ማንገቻው ቢያንስ አራት ጣት የሚሰፋና ስፖንጅ ያለው ይሁን። ክብደቱ ከ10 ኪሎ ካለፈ የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ ይመረጣል፤ ቀበቶው ከትከሻ ላይ ጥቂቱን ወደ ዳሌ ያወርዳል።

ምን ይጨመርበታል? ለጀማሪ ከውሃ የተሻለ የለም። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ሦስት ባለ አንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ 4.5 ኪሎ ይሆናል። በመንገድ ላይ ከከበደ ይደፋል፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበት ካሳሰበም ይደፋል። ደረቅ አሸዋ የሞላ ሃይላንድ እንደ አሸዋው ዓይነት ከ2.2 እስከ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ክዳኑ በፕላስተር ይታሸግ። ሩዝ ወይም ምስር በኪሎ በኪሎ ታስሮ ቢገባ የጀርባን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል። ድንጋይና የጂም ብረት ግን አይመከሩም፤ ቦታቸውን እየቀየሩ አከርካሪን ይወጋሉ። የዕቃ ሚዛን ከሌለ በሰው ሚዛን ላይ ቦርሳውን አዝሎ መመዘን፣ ከዚያ አውርዶ መመዘን፣ ልዩነቱን መያዝ ነው።

አቀማመጡ ከክብደቱ እኩል ያስፈልጋል። ክብደቱ ከፍ ብሎ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ይቀመጥ። የቦርሳው ሥር ላይ ጋቢ ወይም ፎጣ አጥፎ በመክተት ወደ ላይ ይነሣል፤ ዙሪያውም እንዳይንከላወስ በልብስ ይጠቀጠቃል። ክብደቱ ወደ ታች ከሰመጠ ሰውየውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ እሱም ላለመውደቅ ከወገቡ ጎብጦ አንገቱን ያሰግጋል። ማታ ላይ የሚመጣው የአንገትና የወገብ ሕመም ከዚህ ነው። ሲራመዱ ዘንበል ማለት ካስፈለገ ከቁርጭምጭሚት ይሁን እንጂ ከወገብ አይሁን። እርምጃው አጠር፣ ዓይን ራቅ ብሎ ወደፊት፣ እጅ ነፃ። ትንፋሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ካልበቃ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ይሠራል። በመጀመሪያ ያለ ክብደት 5 ኪሎ ሜትር ሳይቸገሩ መራመድ መቻል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት 4 ወይም 5 ኪሎ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ፤ በመሃሉ ሁለት ቀን ዕረፍት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ክብደቱ ሳይነካ ጊዜው ወደ 45 ደቂቃ ያድጋል። በአምስተኛው ሁለት ኪሎ ይጨመራል፣ ጊዜው ባለበት ይቆያል። ሕጉ አንድ ነው፦ ክብደት፣ ርቀት፣ ፍጥነትና ዳገት በአንድ ሳምንት ሁለቱ አብረው አይጨመሩም። በሦስት ወር ውስጥ 10 ኪሎ ለአንድ ሰዓት መድረስ ጥሩ ውጤት ነው፤ ለጤና ሲባል ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ይህ ዝግታ የሚያስፈልገው ስለ አጥንት ነው። ልብና ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ አጥንት ግን አዲስ ጫና ሲመጣበት አሮጌውን አፍርሶ በአዲስ የሚተካው በወራት ነው፣ በመሃሉም ሳሳ የሚልበት ጊዜ አለ። ሰው «በረታሁ፣ ልጨምር» የሚለው በዚያው ሰሞን ነው። የፕሩሲያ ወታደሮች እግር እያበጠ ሲያስቸግር ያስተዋለው ሐኪም ብራይትሃውፕት በ1855 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ሕመም ኋላ ላይ የእግር መዳፍ አጥንት ስንጥቅ መሆኑ ታውቋል፤ ዛሬም «የማርሽ ስብራት» ይባላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ቅልጥም ወይም የእግር መዳፍ ላይ በአንድ ጣት ሲጫኑት ነጥሎ የሚያም ቦታ፣ እያረፉም የማይተው። ይህ ካለ ቦርሳው ይቀመጥ፣ ሐኪም ይታይ።

እጅ መደንዘዝና ጣት መውረር ደግሞ ማንገቻው በትከሻ ላይ የሚያልፉትን ነርቮች እየተጫነ መሆኑን ይናገራል። ወዲያው አውርዶ ማንገቻውን ማስተካከል፣ ክብደቱን መቀነስ ነው፤ ችላ ከተባለ ክንድ ለሳምንታት ሊዝል ይችላል። ውሃ የሚቋጥር እግር ምክንያቱ እርጥበትና ሰበቃ ነው፤ ከጥጥ ይልቅ የሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ካልሲ፣ ጣት የማይነካ ጫማ፣ ተረከዝ ላይ ጥቂት ቫዝሊን። ቦታው መጋል ሲጀምር ቆሞ ፕላስተር ማድረግ እንጂ ቤት እስክደርስ ማለት አያዋጣም። ቁልቁለት ላይ መሮጥ ፈጽሞ የለም።

ሙቀት በዝምታ የሚገድል ነው። ቦርሳው ጀርባን ስለሚሸፍን ላብ እንደ ልብ አይተንም። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. በዌልስ ብሬከን ቢከንስ ተራሮች ላይ በሞቃት ቀን በተደረገ የክብደት ጉዞ ፈተና ሦስት የእንግሊዝ ተጠባባቂ ወታደሮች ሕይወታቸው አልፏል፤ ሁሉም ብርቱ ሰዎች ነበሩ። በሪያድ ወይም በዱባይ በሞቃቶቹ ወራት ልምምዱ ፀሐይ ሳትወጣ ያልቅ፣ ካልሆነም ይቅር። ማዞር፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ግራ መጋባት ሲመጣ ጽናት ማለት ቦርሳውን ማውረድ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የዲስክ መንሸራተት ያለበት፣ አጥንቱ የሳሳ፣ ወይም የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ራኪንግ ሌላ ስፖርት የማይሰጠው አንድ ነገር አለው፤ አቅማቸው የተለያየ ሰዎች አብረው መሄድ ይችላሉ። ሩጫ ላይ ብርቱው ይቀድማል፣ ደካማው ይቀራል። እዚህ ላይ ልጅ 12 ኪሎ፣ አባት 4 ኪሎ አዝለው ጎን ለጎን ወሬ እያወሩ ይጓዛሉ፣ ድካማቸውም ይቀራረባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ክብደቱ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ከሆነ ዳገቱ መሃል ላይ አንዱ ሲዝል አንድ ሃይላንድ ወጥቶ ወደ ሌላው ቦርሳ ይገባል፣ ጉዞውም ይቀጥላል።