ለታንከር የሚሆነው ሴንሰር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ደብረ ማርቆስ የታንከር ውሃ ስንት እንደቀረ ለማወቅ በርሜሉን እናንኳኳለን። ውሃ በማያስገባ አልትራሶኒክ ሴንሰር (በማይሰማ ድምፅ ርቀት የሚለካ) እና አርዱይኖ በሚባለው በኮድ በሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ፣ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ማወቅ ይቻላል። የሰፈራችን ተማሪዎች ሲሠሩት በጣም ደስ ይለኛል። የሚያደናቅፋቸው ግን ሁሌ ያው ነገር ነው።

«ውሃ አያስገባም ከተባለ ይነከራል»

አይነከርም። ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ በሚባለው ሴንሰር ላይ ውሃ የሚችለው በኬብሉ ጫፍ ያለው ክብ ጭንቅላት ብቻ ነው። የሴንሰሩን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሐምሌ ዝናብ ካገኛት አለቀላት፤ በደንብ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ትግባ። ጭንቅላቱም ቢሆን የተሠራው ለአየር ነው። ከክዳኑ ሥር ሆኖ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ የውሃው ገጽ ሲመልሰው የፈጀውን ጊዜ ይለካል።

«ታንከሩ ሲሞላ የሚቀባጥረው ስለተበላሸ ነው»

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ተቃጠለ መሰለኝ!» አለኝ። ስክሪኑ 21፣ 22፣ 21 ሴንቲ ሜትር ይላል። ወጥቼ ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከሴንሰሩ ሥር አራት ጣት ያህል ቀርቶታል። ሴንሰሩ ደህና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሴንሰር በአንድ ጭንቅላት ይጮኻል፣ በዚያው ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ከተመታ በኋላ ትንሽ እንደሚያስተጋባ ሁሉ፣ ጭንቅላቱም ድምፁን ልኮ ወዲያው ጸጥ አይልም። ውሃው በጣም ሲቀርብ የገደል ማሚቶው እርግብግቢቱ ሳያልቅ ይደርስና ሳይሰማ ያልፋል። ስለዚህ ከ20 ወይም ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች ቀርቦ ያለውን አያይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውሃው ሞልቶ እንኳ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲርቀው ከፍ አድርጎ መስቀል። ከታንከሩ ግድግዳም ይራቅ፤ ድምፁ እየሰፋ ስለሚሄድ ግድግዳውን ውሃ ነው ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

«ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ልኬቱ ይዛባል»

ይህን ብዙ ሰው ይለዋል። ደብረ ማርቆስ ከባህር ዳር ብዙ ከፍ ትላለች፣ እውነት ነው። የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ግን ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በ10 ዲግሪ በሰከንድ 337 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ 349 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጠዋት በብርድና ቀትር ላይ በፀሐይ ብትለኩ፣ በአንድ ሜተር ተኩል ርቀት የ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ታያላችሁ። ኮዱ ላይ የድምፅን ፍጥነት 343 ብቻ ብላችሁ ጽፋችሁ አትተዉት። የሙቀት መለኪያ ጨምሩና 331.3 ላይ የሙቀቱን 0.606 እጥፍ ደምሩ።

«ለአርዱይኖ ከሠራ ለኢኤስፒ32ም ይሠራል»

ኢኤስፒ32 እንደ አርዱይኖ ያለ ሌላ ቦርድ ነው። ሴንሰሩ በ5 ቮልት ሲሠራ ኤኮ የሚባለው ፒንም (ውጤቱን የሚልክበት እግሩ) 5 ቮልት ይመልሳል። ኢኤስፒ32 የሚችለው 3.3 ነው። ከኤኮ ወደ ኢኤስፒ32 በ1 ኪሎ ኦም፣ ከዚያው ነጥብ ወደ ግራውንድ በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አገናኙ፤ የሚደርሰው 3.3 ቮልት ገደማ ይሆናል።